አንድ እጅ ለውሃ፣ አንድ እጅ ለአፍ

የኪልቫራ ዓሣ አጥማጅ ዋና አይማርም። «ጀልባህ ከተገለበጠች ዋና ምን ያደርግልሃል? ሞትን ደጅ ማስጠናት ነው» ይላሉ አባቶች፤ ልጆችም አሜን ብለው ይቀበላሉ። ባሕር ጀርባዋ ይጋለባል እንጂ ፊቷ አይታይም የሚል አባባልም አላቸው።

ሎክላን ማክፊም አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በኪልቫራ ወሽመጥ ሸርጣን ሲያጠምድ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ከጉልበቱ በላይ የባሕር ውሃ ነክቶት አያውቅም ነበር። የዝናቡ ነገር ሌላ ነው። ኪልቫራ ውስጥ ዝናብ ያልነካው ነገር ቢኖር በቤተ ክርስቲያኑ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው የመዝሙር መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱም ሻግቷል።

ነገር ግን ስለ ባሕሩ ወለል ሎክላንን ጠይቁት! የሚስቱን ኩሽና እንኳ የዚያን ያህል አያውቀውም። ከአባቱ የወረሰው አንድ የእርሳስ ድብልብል አለው፤ ስንዝር የሚያህል፣ ሦስት ኪሎ የሚመዝን፣ ከረጅም ገመድ ጫፍ የታሰረ። ከሥሩ ጎድጓዳ ነው። ጎድጓዳው ውስጥ የበግ ሞራ ይጠቀጥቅና ወደ ውሃ ይለቀዋል። ድብልብሉ ወለል ሲነካ ገመዱን በሁለት ክንዱ ዝርግ እየለካ ይቆጥራል፤ ሲስበው ደግሞ ሞራው ላይ የተለጠፈውን ይመረምራል። አሸዋ ከሆነ አሸዋ፣ ጠጠር ከሆነ ጠጠር፣ ምንም ካልተለጠፈ አለት። ሲጠራጠርም ይቀምሰዋል። «ይኼ የሰሜኑ አሸዋ ነው፤ የደቡቡ ጨው ያንሰዋል» ሲል የሰሙት ሰዎች ምለው ይናገራሉ።

የአስፋልቱ መንገድ የሚያልቀው እሱ አጥር ሥር ነው። ከቤቱ ጓሮ ወደ ባሕሩ የሚወርድ አሥራ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ የሸርጣን ቅርጫት ለማውጣት አባቱ የፈለፈለው። በዚያ ጠረፍ መሣሪያ ተሸክሞ ሳይሰበር ወደ ውሃ የሚያደርስ ሌላ መውረጃ የለም። ስለዚህ ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከከተማ የሚመጡ ጠላቂዎች የጎማ ልብስ ለብሰው፣ የአየር ሲሊንደር አዝለው፣ የእግር መቅዘፊያቸውን በብብታቸው ሸጉጠው እንደ ወፍራም ዳክዬ በሎክላን ጓሮ ሲያልፉ። ሎክላን አያስከፍልም፤ ቀረጥ ግን አለው። ሲገቡ ዝም ይላቸዋል። ሲወጡ ወደ ኩሽና ገብተው የሚስቱን የኤፊን ሻይ እየጠጡና የአጃ ቂጣ እየበሉ ያዩትን መናገር ግዴታቸው ነው። ከልብሳቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉን ስለሚያጥለቀልቀው ኤፊ ኩሽናዋን «ሁለተኛው ወሽመጥ» ትለዋለች።

የሚነግሩትን ሎክላን የኩሽናው በር ጀርባ ላይ በቀለም ይስለዋል። እንዲሁ አይደለም ታዲያ። አንድ የፊዚክስ አስተማሪ የሆነ ጠላቂ፣ ውሃ ሁሉን ነገር በሲሶ አግዝፎ እንደሚያሳይ ከነገረው ጊዜ ጀምሮ ጥብቅ ሕግ አውጥቷል። ከሚነገረው መጠን ከአራት እጅ አንዱን ለውሃው ይቀንሳል። ሌላ አንድ እጅ ደግሞ ለጠላቂው አፍ። የቀረው ግማሽ በሩ ላይ ይሰፍራል።

«በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም።

«አላየህም አልወጣኝም። ስላየህማ ነው ግማሹን ያመንኩህ» ይላል ሎክላን ብሩሹን እየነከረ።

እንዲህ እንዲህ እያለ በሩ ሞላ። ጀርባ ለጀርባ ተኮራርፈው የቆሙት ሦስቱ አማቾች የሚባሉት ቋጥኞች፣ የኤፊ ምድጃ የተባለው ዋሻ፣ ዋሻው ውስጥ የሚኖረው እባብ መሰል ዓሣ፣ ሁሉም ልክ ልካቸውን ይዘው ተቀመጡ። ዓሣው «ሰባኪው» ይባላል፤ ራሱን ከጉድጓዱ አውጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል፣ ነገር ግን የሚለውን የሰማ የለም።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጠላቂዎቹ አንዱም «አንተስ ጠልቀህ ታውቃለህ?» ብሎ አልጠየቀውም። እዚያው ውሃ ሥር ተወልዶ ያደገ በሚመስል ሰው ላይ ማን እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነሣል?

ሮዌና ቲንዳል አነሣች።

ሮዌና የጠላቂ ማኅበራት ኅብረት ጸሐፊ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብዕሯ ከጆሮዋ የማይወርድ። ረቡዕ ጠዋት መጥታ በሩን ለሩብ ሰዓት ቆማ አየችው። ኅብረቱ ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ሊያቆም ነው፤ የወሽመጡ ካርታ ይታተምበታል፣ ከሥሩም የሠሪው ስም።

«የእርስዎ ስም፣ አቶ ማክፊ» አለች።

ሎክላን ሳል ያዘው። ኤፊ ጀርባውን መታችለት።

«ደንቡ አንድ ብቻ ነው» ቀጠለች ሮዌና። «ካርታውን የሠራው ሰው እዚያው ውሃ ውስጥ ሆኖ በገዛ ዓይኑ ያየ መሆን አለበት። ካልሆነ ኅብረቱ ከወሽመጡ ማዶ ያሉትን አቶ ፋርካርን ሊጠይቅ ነው። እሳቸውም ካርታ አለኝ ብለዋል።»

«ፋርካር? ፋርካር ከመቼ ወዲህ ነው የጠለቀው?»

«በወንድማቸው ሰርግ ዕለት ከወደቡ ወድቄ ወለሉን አይቻለሁ ብለው ጽፈዋል። ሦስት ምስክር አላቸው።»

እዚህ ላይ የሎክላን ደም ፈላ። ፋርካር የሦስቱን አማቾች ስም ለውጦ የራሱን ሦስት ፍየሎች ስም እንደሚያወጣላቸው ቁልጭ ብሎ ታየው።

«እርስዎ ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቁት መቼ ነው?» አለች ሮዌና ብዕሯን ከጆሮዋ አውርዳ።

«ትናንት» አለ ሎክላን።

በሩ ሥር ደብዳቤ ይዞ ቆሞ ቂጣ ሲበላ የነበረው ፖስተኛው ዱጋልድ ጉርሻው ትን አለው። ኤፊ የሻይ ጀበናውን ክዳን ከፍታ ውስጡን መመርመር ጀመረች፤ ሳቅ ሲመጣባት የምትደበቀው እዚያ ነው።

«ግሩም!» አለች ሮዌና። «እንግዲያው ቅዳሜ አብረን እንገባለን። ሰባኪውን ያሳዩኛል።»

እሷ ከሄደች በኋላ ኤፊ ክዳኑን ገጠመች። «አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን ስትታጠብ እንኳ ዓይንህን በሁለት እጅህ ከድነህ ነው።»

«ቅዳሜ ሩቅ ነው» አለ ሎክላን።

ሩቅ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ሞልቶ ፊቱን ሊነክር ሞከረ፤ የአፍንጫው ጫፍ ሲረጥብ ከወገቡ ቀና ብሎ «ይበርዳል» አለ። ኤፊ ሙቅ ውሃ ጨመረች። «ይፋጃል» አለ። ዓርብ ዕለት ጠላቂም ፖስተኛም የሆነው ዱጋልድ አሮጌ የጎማ ልብሱን አምጥቶ ምክር ለገሰው።

«ስማ አንተ ሽማግሌ፣ ቀላል ነው። እስከ ደረትህ ትገባለህ፣ ከዚያ 'ጆሮዬ ዛሬ እምቢ አለኝ' ትላለህ። ጆሮ የውሃውን ግፊት እምቢ ሲል ማንም ጠላቂ አያስገድድም። እኔ አስከትያት እወርዳለሁ፤ አንተ ከላይ ትጠብቀናለህ።»

«ይህማ ውሸት ላይ ውሸት ነው።»

«ታዲያ እውነቱን ንገራት።»

«ሳስበው ራሱ ጆሮዬን አሞኛል» አለ ሎክላን።

ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ለኪልቫራ ደንብ ጥርት ያለ ነበር፤ ማለትም የዘነበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሎክላንን የማልበሱ ሥራ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እግሮቹ ገቡ። ሆዱ ጥቂት ከተከራከረ በኋላ ገባ። የአንገቱ ጎማ ግን የሕፃን ፓውደር ቢነሰነስበትም አልከፈትም አለ፤ ኤፊ ከፊት፣ ዱጋልድ ከኋላ ሆነው ሲጎትቱት የሎክላን ጭንቅላት ልክ እንደሚወለድ ጥጃ ብቅ አለ፤ ፊቱ ቀይ፣ ፀጉሩ ነጭ ዱቄት።

«መተንፈስ አልቻልኩም።»

«እየተናገርክ እኮ ነው!» አለች ኤፊ።

«የመጨረሻዬ ነው።»

«የመጨረሻህ ከሆነ ዚፑ ይዘጋ» ብላ ሳበችው።

ወደ ደረጃው ሲወርድ የእርሳስ ድብልብሉን በእጁ ይዞ ነበር። ያለ እሱ ወደ ባሕር ቀርቦ አያውቅም። ሮዌና ታች ውሃው አፋፍ ላይ ተዘጋጅታ ቆማለች። ከድንጋዩ ማዶ አንድ አቆስጣ፣ ያ ጢማም የባሕር አውሬ፣ ራሱን ከውሃ አውጥቶ ሎክላንን ከላይ እስከ ታች አየውና ዘወር አለ።

«የክብደት ቀበቶዎስ የታለ?» አለች ሮዌና።

ሎክላን ወደ ዱጋልድ ዞረ። ዱጋልድ እጁን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። የራሱን ቀበቶ ታጥቋል። ሁለተኛውን ቀበቶ ጠዋት ከፖስታው መኪና ውስጥ ከእሽጎቹ ጋር አስቀምጦት ነበር።

«ለቄሱ ሚስት አስረከብኳት» አለ ቀስ ብሎ። «ከባድ ነው፣ ምንድን ነው ስትለኝ፣ መጽሐፍ ይሆናል አልኳት። ፈርማ ተቀብላለች።»

ያለ እርሳስ ቀበቶ አየር የያዘ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው ምን እንደሚሆን ጠላቂ ሁሉ ያውቃል። ሎክላን አያውቅም። «ግዴለም፣ ያለሱም ይሆናል» ብሎ በኩራት ገባ። ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ ይህ የአርባ አንድ ዓመት ድንበሩ ነው። ተሻገረው። ወገቡ ጋ ሲደርስ እግሮቹ አንዴ እንኳ ሳያማክሩት ወደ ላይ ተነሡና በጀርባው ተንጋለለ። እንደ ተነፋ አቅማዳ ተንሳፈፈ፤ ሆዱ ወደ ሰማይ፣ ድብልብሉ ደረቱ ላይ። ባሕሩ መጉደል ጀምሮ ስለነበር ቀስ እያለ ከዳር ራቀ።

«ኤፊ!»

«አለሁ!» ኤፊ ዱጋልድ ወገቡ ላይ ያሰረለትን ገመድ እንደ ፍየል መጎተቻ ጨብጣ ከደረጃው ላይ ቆማለች። «እጅህን አታወራጭ፤ ጎረቤት ሰላም ያልካቸው ይመስላቸዋል!»

«ጆሮዬ ዛሬ...» ብሎ ጀመረ ሎክላን፤ ጆሮው ውስጥ ውሃ ገባና ሳይዋሽ እውነት ሆነ።

«ግድ የለም» አለች ሮዌና መነጽሯን እያጠለቀች። «ከላይ ይምሩን።»

መምራቱን ግን ይችልበታል! ድብልብሉን ከደረቱ ላይ አንሥቶ ለቀቀው። ገመዱ በጣቶቹ መካከል ሲሮጥ፣ በጀርባው ተንጋሎም ቢሆን ሎክላን ሰው ሆነ። «አራት ዝርግ!» አለ። «ጠጠር ነው፣ ደቃቅ። ገመዱን ይዛችሁ ውረዱ።» ሁለቱ ወረዱ፣ አረፋ ብቻ ቀረ። ጥቂት ቆይተው ብቅ ሲሉ ሮዌና ክንዷ ላይ ያለውን መለኪያ አየች። «ሰባት ሜትር ከሃያ። ደቃቅ ጠጠር።» ኤፊ የወገቡን ገመድ ትንሽ ላላ አደረገችለት፤ ሎክላን እየተንሳፈፈ ድብልብሉን ደግሞ ጣለ። «ስድስት ዝርግ፣ አሸዋ። ከፊታችሁ ሦስቱ አማቾች አሉ፤ መካከለኛዋን በግራ አድርጋችሁ እለፉ፤ ምድጃው ከእሷ ጀርባ ነው። ሰባኪው ፊት ብዙ እንዳትቆሙ፣ ስብከቱ አያልቅም።»

በዚህ ጊዜ ረዘም ብለው ቆዩ። ሎክላን ሰማዩን እያየ የሚመጣውን አረፋ ሲቆጥር ሌላ ሐሳብ መጣበት። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዷ ቃል ብቻ ናት ውሸት፣ «ትናንት» የምትለው። አሁን ካርታው ትክክል ሆኖ ከተገኘ ያቺ ውሸት ከስሙ ሥር ለዘላለም ልትታተም ነው።

ሮዌና እንደ ቡሽ ተስፈንጥራ ወጣች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች። «አየሁት! አየሁት! እንደዚህ ያህል!» ክንዶቿን እስኪገነጠሉ ዘረጋቻቸው። «ሁለት ሜትር ከምናምን!»

ሎክላን አሳቡ ሌላ ቦታ ቢሆንም ልማድ አይለቅምና «አንድ ሜትር» አለ።

«ምን አሉ?»

«አንድ እጅ ለውሃው፣ አንድ እጅ ለአፍ።»

«አቶ ማክፊ፣ እኔ የኅብረቱ ጸሐፊ ነኝ! አልዋሽም! በዘንግ ለክቼዋለሁ፣ ይኸው ሰሌዳዬ ላይ ጽፌ...» ከአንገቷ የተንጠለጠለውን ትንሽ ሰሌዳ አንሥታ አየች። ደግማ አየች። ቀስ በቀስ ከአንገቷ እስከ ግንባሯ ቀላች። «አንድ ሜትር ከአራት ሳንቲም» አለች።

«አራቷን እለቃለሁ» አለ ሎክላን።

ዱጋልድን ሳቁ ውሃ አስጠጣው። ሮዌናም በመጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ከዚያ አልቻለችም፤ እየተንሳፈፈች ከት ብላ ሳቀች። ሎክላን ግን አልሳቀም። ጸሐፊዋ ባደባባይ ቀልታ ያመነች ሴት ናት፤ እሱ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ እስከ መቼ ይደብቃል?

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አለ። «እኔ ጠልቄ አላውቅም። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም፣ በአባቴም ዘመን። ፊቴን እዚህ ውሃ ውስጥ አስገብቼ አላውቅም። ይኸው ነው። የመንገዱን ሰሌዳ ለፋርካር ስጪው።»

ከደረጃው ላይ የኤፊ ድምፅ መጣ። «ጎሽ የኔ ጀግና! ልጎትትህ?»

«አውቄ ነበር እኮ» አለች ሮዌና።

«ምን?»

«ማክሰኞ ጠልቄአለሁ አሉኝ። ማክሰኞ ዕለት እኔ ወዲህ ስመጣ ከነፋሱ ብዛት የሚያሻግረው ጀልባ ተሰርዞ ወደብ ላይ ነው የዋልኩት። አሳማ እንኳ ወደ ላይ ሲበር አይቻለሁ።» ትንሽ አሰበችና «ግማሽ አሳማ» አለች። «እስከ የት እንደሚደርሱ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት። የጎማ ልብስ ድረስ ይደርሳሉ አላልኩም።»

ኤፊ ሎክላንን ጎትታ አፋፉ ላይ አሳረፈችው። ውሃው አፋፍ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ውሃው ጉልበቱን ሲልሰው የድብልብሉን ገመድ ጠቀለለ። ሮዌና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት» አለች። «'በገዛ ዓይኑ ያየ' ይላል። ስንት ሜትር ወርዶ እንደሆነ አይልም።» መነጽሯን ከግንባሯ አውልቃ ዘረጋችለት።

ሎክላን መነጽሩን አየው። ባሕሩን አየው። ማዶ የፋርካር ቤት ጭስ ታየው።

«እጄን ያዢኝ» አለ ለኤፊ።

«አርባ አራት ዓመት ይዤህ የለ?»

ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ፊቱን ነከረ።

ድብልብሉ ብዙ ነገር ነግሮታል፤ ጥልቀቱን፣ ጠጠሩን፣ አሸዋውን። አንድ ነገር ግን ሞራ ላይ አይለጠፍም፤ ቀለም። የአባቱ ደረጃ ውሃ ውስጥም ይቀጥላል፤ የታችኞቹ ድንጋዮች ሐምራዊ ለብሰዋል፣ በየስንጥቁ ብርቱካንማና ሮዝ አበባ የሚመስሉ እንስሶች ጣታቸውን እያወዛወዙ ይበላሉ፣ የባሕሩ አረም እንደ ወርቅ ጨርቅ ይታጠፋል ይዘረጋል። አርባ አንድ ዓመት በላይዋ ሲመላለስባት እንዲህ ለብሳ ነበር እንዴ! አንድ ሸርጣን ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ክንዱን አነሣ፤ ወይ ሰላምታ ነው፣ ወይ ስላጠመዳቸው ዘመዶቹ ሊጠይቀው ነው።

ትንፋሹ ሲያልቅ ወጥቶ አየር ሳበና ማንም ሳይናገረው ተመልሶ ነከረ። እንደገና። እንደገና። ስድስተኛው ላይ ኤፊ እጇ ደነዘዘ። «ሰውዬው፣ ምሳ!» እያለች በሌላ እጇ ትከሻውን ትመታው ጀመር።

ኩሽና ገብተው ውሃው ወለሉን ሲሞላ ሎክላን ሻዩንም አልነካ። ቀረጡን ሊከፍል ነው የቸኮለው። ክንዶቹን በሰፊው ዘረጋ፤ የሻይ ጀበናው ለጥቂት ተረፈ።

«ሸርጣን! የዚህን ያህል! ይህን የልብስ ገንዳ ያህላል! ክንዱ ብቻ የኔን ክርን ያክላል!»

ኤፊ ብሩሹን አነሣች፣ ቀለሙ ውስጥ ነከረች፣ በሩ ላይ ከታችኛው ደረጃ አጠገብ የሻይ ሰሃን የምታህል ሸርጣን ሳለች።

«ኤፊ! በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት!»

«አላየህም አልወጣኝም» አለች ኤፊ።

ሰሌዳው በጸደይ ቆመ፤ ከሥሩም «ሎክላን ማክፊ፣ በገዛ ዓይኑ ያየ» ተብሎ ታተመበት። ያቺ ሸርጣን ግን ሰሌዳው እስኪታተም ድረስ ኩሽና ውስጥ አላረፈችም። ኤፊ ጓሮ ስትወጣ ሎክላን ጥቂት ያሳድጋታል፤ ኤፊ ስትመለስ ትቀንሳታለች። አታሚው የመጣው በሥራቸው መካከል፣ አሮጌዎቹ እግሮች ሳይጠፉ አዲሶቹ በተሳሉበት ሰዓት ነበር። አሁን ኪልቫራ የሚመጡ ጠላቂዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት፣ በካርታው ላይ አሥራ አራት እግር ያላት ሸርጣን ከየትኛው ደረጃ ሥር እንደምትገኝ ነው።

«ከመጨረሻው» ይላቸዋል ሎክላን። «ግን ሰባቱን እግር ብቻ ጠብቁ።»